አንድ ረጅም ብሎን ያስወጣኝ ወጪ

ላፕቶፔን ያመጣችልኝ ዋሽንግተን የምትኖረው እኅቴ ስትሆን፣ የአንድ ዓመት ዋስትናው ሊያበቃ አራት ወር ሲቀረው እኔው ራሴ ከፈትኩት። የነበረው 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ) ብቻ በመሆኑ ብሮውዘርና ኤክሴል አንድ ላይ ሲከፈቱ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ለተጨማሪ ራም ባዶ ቦታ እንዳለውም ከመመሪያው አንብቤ ነበር። ራሙን መግጠም አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ጥፋቱ የደረሰው ክዳኑን ስመልስ ነው። የፈታኋቸው ብሎኖች ሁለት ዓይነት ርዝመት እንዳላቸው ሳላስተውል ሁሉንም አንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ደባልቄያቸው ስለነበር፣ ረጅሙን በአጭሩ ቀዳዳ ከተትኩትና አልገባ ሲለኝ በመፍቻ አጠበቅኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ 16 ጊጋባይትም አሳየ፤ በሳምንቱ ግን ቻርጅ ማድረግ አቆመ።

መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ዋና ሰሌዳ፣ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ብሎኑ ካረፈበት ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች የመዳብ መስመር ተበጥሳለች። «ጋሼ፣ ራሙ ምንም አላደረገም፤ ጉድ የሠራዎት ብሎኑ ነው» አለኝ።

ለአምራቹ ስጽፍለት፣ ራም መጨመር ብቻውን ዋስትናውን እንደማያስቀር፣ ተጠቃሚው ያደረሰው ጉዳት ግን እንደማይሸፈን፣ በዚያ ላይ ዋስትናው የሚያገለግለው ዕቃው በተገዛበት አገር ብቻ እንደሆነ መለሰልኝ። ተናድጄ ነበር፤ ሆኖም ስለ ብሎኑ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ በጥቅሉ የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አምራቹ «የእኔን መለዋወጫ ካልገዛህ ወይም እኔ ጋ ካላስጠገንክ ዋስትና የለህም» እንዳይል ነው። በዚሁ መሠረት የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ብሎን ላይ ስለሚለጠፈው «ከተነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» ስለሚለው ወረቀት ጊጋባይት፣ አስሮክና ዞታክ የተባሉትን የኮምፒውተር ዕቃ አምራቾች አስጠንቅቋል። እንግዲህ መክፈቱና ማበላሸቱ ለየቅል ናቸው ማለት ነው።

ብሎን ሳይፈታም ዋስትና ሊታጣ መቻሉ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። ዴስክቶፕ የሚገጣጥሙ ወዳጆቼ የራሙን ሙሉ ፍጥነት ለማግኘት ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብተው ኤክስኤምፒ የሚባለውን ራም ማፍጠኛ ቅንብር ያበራሉ፤ ፕሮሰሰር አምራቾቹ ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ ግን ከወሰኑት በላይ የሆነ ፍጥነትና ቮልቴጅ የፕሮሰሰሩን ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችል በጽሑፍ አስፍረዋል። ራሙ ያንን ፍጥነት ካርቶኑ ላይ አስጽፎ እየተሸጠ ይህን ማለታቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስተዛዝባል።

ለማዘርቦርድ ቅያሪ የተጠየቅኩት ከላፕቶፑ ዋጋ ግማሽ በላይ ስለነበር፣ ቴክኒሽያኑ የተበጠሰችውን መስመር በቀጭን ሽቦ በየደልኝ፤ ለእርሱም ቢሆን የራሙን ዋጋ እጥፍ ከፈልኩ። ሲያስረክበኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። ማንኛውንም ዕቃ ከመንካቴ በፊት የባትሪውን ሶኬት እንድነቅል፣ የምቀይረውንም የመጀመሪያ ዕቃ እንዳልጥል ነው፤ ወደ አምራቹ ጥገና የሚሄድ ኮምፒውተር እንደ መጀመሪያው ተደርጎ ቢሄድ ክርክሩ ይቀንሳልና።

አሁን የጀርባ ክዳኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስዬ፣ እያንዳንዱን ብሎን በፈታሁበት ቦታ ልክ እሰካዋለሁ። ረጅሞቹ አራት ናቸው።