«ስምሽ ወረቀቱ ላይ የለም»

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የ9 ዓመት ልጄ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ እኔ ወዳለሁበት ወደ ባሕር ዳር ብቻውን በአውሮፕላን መጣ። ልጅ ለብቻው ስለ መላክ የሚጠይቁኝ እናቶች በዝተዋልና የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

አባቴ በግንቦት መጨረሻ ታሞ ነው ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት። ልጄ ትምህርት አልጨረሰም ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ አዲስ ሥራ ስለገባ ፈቃድ አያገኝም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን ማን ይጠብቀው? ባለቤቴ ጠዋት በሌሊት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ለክረምት መዋያ የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬቱን ይበልጣል። አባቴም የልጅ ልጁን ማየት ይፈልጋል፤ አፉ አውጥቶ ባይለውም ዓይኑ በር በሩን ያይ ነበር። ስለዚህ ብቻውን ይምጣ አልን።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከእሳቱ አነሣችው። «ርግቦቹን ረሳሽው?» አለችኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አሥመራ ይሄድ የነበረ አውሮፕላን ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰው ሞቷል። እኛ ሰፈር ያኔ የነበረ ትልቅ ሰው ሁሉ ያን ቀን የት እንደነበረ ይነግርሃል። ለእናቴ የአውሮፕላን አደጋ ማለት ያ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ ነገር። እኔም እስከዚያ ሐምሌ ድረስ የምፈራው ይህንኑ ነበር። ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ስለ ሞተር፣ ስለ ደመና፣ ስለ ማረፍ ነው። ልጁ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ ሳይገባ ስለሚቆይባት ጊዜ ግን አንድም ሌሊት አላሰብኩም።

ባለቤቴ ጉዳዩን ሲያጣራ ብዙ ነገር ተማርን። ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ብቻውን የሚቀበል አየር መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለው ብቻውን የሚሄድ ከሆነ የአየር መንገዱን አጃቢ አገልግሎት መግዛት ግዴታ ነው፤ አንዳንዶቹ ይህን ግዴታ እስከ 14 ዓመት ያደርሱታል። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጉዞ ከቲኬቱ ሌላ 150 ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ። እኔን የገረመኝ፣ አሜሪካን የሚያህል አገር ስለዚህ ነገር ሁሉንም የሚያስገድድ አንድ ሕግ የሌለው መሆኑ ነው፤ ዕድሜውንም ክፍያውንም አሠራሩንም እያንዳንዱ አየር መንገድ ለራሱ ይወስናል። አጃቢ ሲባል ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሠራተኛ ልጁን በር ላይ ይረከባል፣ ወንበሩ ድረስ ያደርሳል፣ ሲያርፍ ይዞ ወጥቶ ስሙ ለተጻፈው ሰው ያስረክባል። በመሐል አስተናጋጇ ሌላ መቶ፣ ሁለት መቶ መንገደኛ አለባት። እንደ ሞግዚት ልትጠብቀው አትችልም።

ወንበሩ ላይ ከልጄ ጋር ተጣልተናል። እሱ መስኮት ይፈልጋል። የአሜሪካ ኤፍቢአይ ግን ብቻውን ለሚሄድ ልጅ የመተላለፊያ ወንበር ያዙለት ይላል፤ አስተናጋጆቹ በቀላሉ እንዲያዩት። ምክንያቱን ለልጅ መናገር ከባድ ነው፣ ለእናንተ ግን መደበቅ የለብኝም፦ አውሮፕላን ውስጥ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት መሥሪያ ቤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የመረመራቸው ጉዳዮች 38 ነበሩ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. 63 ደረሱ። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ሳታውቀው። እኛ ቤት ስለዚህ ነገር አይወራም። እኔም ከእናቴ ጋር አውርቼው አላውቅም። ባለቤቴ ግን አንድ ቅዳሜ ልጁን አስቀምጦ በግልጽ ነገረው፦ ማንም ሰው ሰውነትህን ከነካህ፣ ወይም የሆነ ነገር ካላማረህ፣ ይሉኝታ የለም፤ ተነሥተህ ጮክ ብለህ አስተናጋጅ ጥራ፣ ወንበር ቀይሩልኝ በል። «ትልቅ ሰው ቢሆንም?» ብሎ ጠየቀው። ትልቅ ሰው አክብር እያልን ነው ያሳደግነው። «ትልቅ ሰው ቢሆንም» አለው አባቱ። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ አየር ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 13 ሰዓት ግድም በመተላለፊያ ወንበር፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውን አንድ ሰዓት በመስኮት በኩል እንዲቀመጥ ተስማማን። ጣናን ከላይ እንዲያይ።

ወረቀቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የእኛ ስም ለፈረንጅ አሠራር አይመችም። ልጄ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዟል፤ እኔ የአባቴንና የአያቴን። ፓስፖርቶቻችንን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እናትና ልጅ መሆናችንን የሚያሳይ አንድም የጋራ ቃል የለም። ስለዚህ አንገቱ ላይ በምትንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ከፓስፖርቱና ከቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ጋር የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ፣ ሁለታችንም የፈረምንበትን የስምምነት ደብዳቤ፣ የሦስት ሰው ስልክ ቁጥር ከተትንለት። የእኔን ፊርማ ባሕር ዳር ውልና ማስረጃ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሁሉም ተሟልቷል ብለን ነበር።

የጎደለችው አንዲት መስመር ናት። ቅጹ ላይ ተቀባይ የሚለው ቦታ የእኔን ስም ብቻ ነው የጻፍነው።

ባለቤቴ አየር መንገዱ የውስጥ መግቢያ ፈቃድ ሰጥቶት እስከ መሳፈሪያው በር ሸኘው፤ አውሮፕላኑ ከመሬት እስኪለቅም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ልጁ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ በሰላም ደረሰ። የባሕር ዳሩ በረራ 8 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከዋናው ጉዞ ጋር በቂ ክፍተት ይኑረው ብለን የከሰዓቱን የመረጥነው እኛው ነን። የክረምት ከሰዓት! እዚህ ያደግሁ ሰው እንዴት ይህን እረሳለሁ? ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ከምሳ በኋላ ከዘጌ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ ሐይቁን ሸፍኖ ሲመጣ ነው ያደግሁት። የዚያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። አየር ማረፊያ ቆሜ ዝናቡ አስፋልቱን ሲመታው እያየሁ በረራው ዘገየ አሉ፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተሰረዘ ተባለ።

እኔ ባሕር ዳር፣ ልጄ ቦሌ። በመካከላችን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይ በረሃ፣ ሌሊት።

ታናሽ እኅቴ አዲስ አበባ ናት። ደወልኩላት፣ ታክሲ ይዛ ቦሌ በረረች። ልጁን የያዘችው ሠራተኛ በትሕትና አናገረቻት፣ ቅጹን አየች፣ ከዚያ «ስምሽ ወረቀቱ ላይ የለም» አለቻት። አክስቱ ነኝ አለች። ፎቶ አሳየች። እኔ ስልክ ላይ ሆኜ እናቱ ነኝ አልኩ፤ ለመንኩ፣ ጮኽኩ፣ ስድብም ወጣኝ። ሠራተኛዋ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «እኅቴ፣ ይገባኛል፤ ግን በስልክ እናቱ ነኝ የሚለኝን ሁሉ አምኜ ልጅ ብሰጥ ነገ ለማን እሰጣለሁ? የላከው አባቱ ነው የፈረመው፤ እሱ ይጻፍልኝ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ እዚህ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። የሚሠራበት መጋዘን ስልክ ይዞ መግባት አያስፈቅድም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ልጁ ቦሌ መድረሱን ሌሊት ሰምቶ፣ የቀረችው አንድ ሰዓት ናት ብሎ ነው ተረጋግቶ የገባው። ሠላሳ ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ለዕቁብ ሰብሳቢያችን ደወልኩላትና ሴትዮዋ የራሷን ሥራ ጥላ፣ መኪናዋን አስነሥታ፣ መጋዘኑ በር ላይ ሄዳ አስጠራችው። ውለታዋን በምን እንደምከፍለው አላውቅም።

ባለቤቴ ወዲያው ኢሜይል ጻፈ። ተቀባይ ብሎ የእኅቴን ስም አሰፈረ። እንደገና አይሆንም ተባለ። ለምን? እኅቴን እኛ ቤት ሁላችንም የምንጠራት አያታችን ባወጡላት ስም ነው። መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ባለቤቴ 11 ዓመት ሲያውቃት የመታወቂያ ስሟን ሰምቶ አያውቅም። ሁለተኛ ጻፈ፤ አሁን ደግሞ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ መታወቂያዋ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ተለየ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በቲ፣ አንዱ በኤስ እንደሚጀምረው ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ መታወቂያዋን ፎቶ አንስታ ላከችለት፤ እያየ ፊደል በፊደል ገለበጠው። ተቀባይነት አገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ቤት መግባት አቅቶኝ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር ተቀምጫለሁ። ዝናቡ አባርቷል። ውኃው የክረምት ጭቃ መልክ ይዟል። ሁለት ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ወደ ዳር እየጎተቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ያነበብኩት ዜና ትዝ ያለኝ እዚያ ነው፦ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻቸውን የተነሡ ሁለት የ5 ዓመት ልጆች ተቀያይረው፣ ኒው ዮርክ ልጇን ስትጠብቅ ለነበረች እናት የሌላ ሰው ልጅ አምጥተው ሰጧት፤ የሷ ልጅ ቦስተን ተገኘ። ያኔ ሳነበው «እንዴት ሳያጣሩ!» ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የእኔን ልጅ የያዘችው ሴት ስላጣራች ነው የሰደብኳት። እኅቴ አክስቱ መሆኗን የማውቀው እኔ ነኝ። እሷ በምን ታውቃለች? እኅቴ ያለችውን ማንም ሊለው ይችላል፤ ፎቶም ከፌስቡክ ይገኛል።

ልጄ ራሱም ከሠራተኛዋ አላነሰም። እኅቴ ገብታ ልታቅፈው ስትጠጋ ወደ ሠራተኛዋ ተሸሸገ። በአካል አይቷት አያውቅም፣ በስልክ ብቻ ነው። «ቃሉን በዪ» አላት። እቤት የተስማማንበት የምስጢር ቃል አለን፤ ያን ቃል ያላወቀ ሰው እናትህ ልካኝ ነው ቢለው እንዳይሄድ። ለእኅቴ መንገር ማንኛችንም ትዝ አላለንም። ደወለችልኝ፣ ነገርኳት፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ አለችለት፣ ያኔ ቦርሳውን አነሣ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፣ ዛሬም እንጠቀምበታለን። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ልጁ ቦሌ ከገባ 12 ሰዓት አልፎታል። ሠራተኛዋ የሥራ ሰዓቷ ካለቀ ቆይቶ ነበር አለችኝ እኅቴ፤ ምሳም ከራሷ ምሳ ነው ያካፈለችው።

በማግሥቱ እኅቴ በጠዋቱ በረራ፣ በመስኮት ወንበር ላከችው። የእኔን ስም በመጀመሪያው መስመር፣ የወንድሜን ስም እንደ መታወቂያው በሁለተኛው መስመር አስጽፋ። ለመመለሻውም እንዲሁ አደረግን፦ ጠዋት መነሻ፣ በየከተማው ሁለት ሁለት ተቀባይ፣ የእያንዳንዱ መታወቂያ ፎቶ በሁላችንም ስልክ ውስጥ፣ ባለቤቴም የዚያን ቀን ፈቃድ ወስዶ ስልኩ እጁ ላይ።

ልጁን ልንቀበል እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አብራኝ አየር ማረፊያ መጣች። አባቴን በባጃጅ ማምጣት ስላልቻልን እቤት በር ላይ ወንበር አውጥተንለት ነበር። ልጁ ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲወጣ አየኝና ሊሮጥ ተሳበ። «ቆይ የኔ ጌታ» ብላ ያዝ አደረገችው። እናቴ «እናቱ አይደለችም እንዴ፣ መልካቸውን አታዪም!» ብላ ልትቆጣ ስትል ክንዷን ያዝኳት። መታወቂያዬን ሰጠሁ። ልጅቷ ከቅጹ ጋር እያስተያየች ስታነብ ሰው ከኋላዋ ተሰልፎባት ነበርና ተቻኮለች።

«ቀስ ብለሽ እዪው» አልኳት። «እስከ አያቴ ስም ድረስ አንብቢው።»