ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ

የአውቶቡስ መስመሮችን የሚከልስ ረቂቅ ዕቅድ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ ነበር። ይቅሩ ከተባሉት መስመሮች አንዱ በጤና ጣቢያው በር ላይ የሚያልፈው ነው። እናቴ ለደም ግፊት ክትትል የምትሄደው በዚህ መስመር ነው። በመጨረሻ መስመሩ ጨርሶ አልተነሳም፤ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ እንዲሠራ ተወሰነ። እንዴት እዚያ እንደደረስንና ምን እንደተማርኩ ልጻፍ። የጠየቅነውን ሁሉ አላገኘንም። ያላገኘነውንም እነግራችኋለሁ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልበል። መሥሪያ ቤት አስተያየት ሲጠይቅ ብዙ ሰው ሐሳቡን ተናግሮ ይወጣል። "እናመሰግናለን፣ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን" ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔ ግን አስተያየትን የምለካው በአንድ ነገር ሆኗል፤ ውሳኔ ሰጪው መልስ ሳይሰጥበት ሊያልፈው ይችላል ወይስ አይችልም? "አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው" ብሎ ለመጻፍ የሚገደድበት አስተያየት ክብደት አለው። የሠራነው ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ያነጣጠረ ነበር።

ረቂቁን እንዳገኘሁ ከፊት ጀምሬ አላነበብኩትም። መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነና አስተያየት የሚዘጋበትን ቀን ነው። ቀጥሎ የፈለግኩት ደግሞ የትኛው ነገር ተቆርጦ እንዳለቀና የትኛው ገና ክፍት እንደሆነ ነው። ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ባለሙያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። "የአውቶቡሶቹ ቁጥር በበጀት የታሰረ ስለሆነ አይነካም። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው ሰዓት የት ይሠራል የሚለው ግን ገና ነው፤ እሱ ላይ ይጻፉ" አለችኝ። ይህ አጭር መልስ ብዙ ድካም ቀነሰልን። ተጨማሪ አውቶቡስ ይገዛ ብለን ጊዜያችንን አላባከንንም።

ክፍት የሆነውን ለይቶ መጠየቅ እኔ የፈጠርኩት ብልሃት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የፍርድ ቤት ክርክር የወጡ የጉኒንግ መርሆዎች የሚባሉ አራት መለኪያዎች አሉ። ምክክሩ ሐሳቡ ገና እየተቀረጸ ሳለ ይደረግ። ሰው አመዛዝኖ እንዲመልስ በቂ ምክንያትና መረጃ ይቅረብለት። በቂ ጊዜ ይሰጠው። የሰጠው መልስም ከውሳኔው በፊት ከልብ ይታይ። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 እነዚህን መለኪያዎች አጽንቷቸዋል። በአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች ላይ በ1998 የተፈረመው የአርሁስ ስምምነትም ሕዝብ መሳተፍ ያለበት ገና ሁሉም አማራጭ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው ይላል። እነዚህ ደንቦች የሚያስገድዱት በየራሳቸው ክልል ነው። እኔ ግን የትም ቢሆን ለመጠየቂያ እጠቀምባቸዋለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ ስጠራ አራቱን በልቤ አልፍባቸዋለሁ፤ የጎደለውን አይቼ እሱን እጠይቃለሁ።

ሌላው የረዳኝ የሸሪ አርንስታይን መሰላል ነው። አሜሪካዊቷ ባለሙያ በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የሕዝብ ተሳትፎን በ8 ደረጃ ከፍላዋለች። ታች ያሉት ሁለቱ ሰውን ለማሳመንና ለማባበል ብቻ የሚደረጉ ናቸው። መሐል ላይ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማስደሰቻ መስጠት አሉ። ከዚያ በላይ አጋርነት፣ የውክልና ሥልጣን፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በነዋሪው እጅ መሆኑ። የእኛ ግብዣ አራተኛው ደረጃ ላይ ነበር፤ ተማክረን እንሄዳለን፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይህን አውቄ መግባቴ ጠቅሞኛል። ድምፅ የመስጠት መብት በሌለበት ቤት ያለን መሣሪያ ማስረጃና ምክንያት ብቻ ነው።

ያልተቆጠሩት ሰዎች

የረቂቁ ጥንካሬም ድካምም ያለው አባሪው ውስጥ ነበር። ብዙ ሰው አባሪ አያነብም። እኔ አሁን መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

መስመሩ ይቅር የተባለው "ተጠቃሚው አነስተኛ ነው" ተብሎ ነው። ተጠቃሚው የተቆጠረው መቼ ነው? ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲገባና ማታ ከሥራ ሲወጣ። በእነዚህ ሰዓታት አውቶቡሱ እውነትም ባዶውን ነው የሚሄደው። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ግን የሚወጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ልጅ ለማስከተብ የሚሄዱ እናቶች። ቆጠራው ውሸት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች በሌሉበት ሰዓት የተደረገ ቆጠራ ነበር።

የቆጠራውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠየቅን፤ ሰጡን። የመንግሥት ሰነድ ማየት መብት መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊድን በሕግ ያጸናችው በ1766 ነው፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ከዚያ እኛም ቆጠርን። ጎረቤቶች ፌርማታዎቹን ተከፋፈልን። ወረቀቱ ላይ ሰዓት፣ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ሰው ወረደ፤ ሌላ ነገር የለም። የማንንም ስም አልጻፍንም። እንዴት እንደቆጠርን በግማሽ ገጽ ጽፈን አያያዝነው። መሥሪያ ቤቱ ካላመነን በዚያው መንገድ ራሱ ይቁጠር። ይህች ግማሽ ገጽ ከቁጥሩ እኩል ዋጋ ነበራት። ቁጥርን ማንም ያመጣል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው የሚችል ሲሆን ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ከቆጠራው ጎን ለጎን ፌርማታ ላይ ሰዎችን አነጋገርን። የውይይት መድረኩ የተጠራው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ነገሩ በጣም የሚነካቸው ሰዎች እዚያ እንደማይገኙ የታወቀ ነው። "መስመሩ መቅረቱን ይቃወማሉ?" ብለን አልጠየቅንም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። የጠየቅነው ይህን ነው፦

"እማማ፣ ይህ አውቶቡስ ቢቀር በምን ይሄዳሉ?"

"ልጄ፣ ያኔማ ልጄን ከሥራ አስቀራታለሁ። እሷ ካልቻለች ደግሞ መድኃኒቱ ሲያልቅ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።"

ሌላ ሰው አማራጭ ነው የተባለው ፌርማታ ጋ ለመድረስ መደገፊያ የሌለው ቁልቁለት ደረጃ እንዳለ ነገረን። በካርታ ላይ ርቀቱ አጭር ነው። በክራንች ለሚሄድ ሰው ግን መንገድ የለም ማለት ነው። የሕዝብ ተሳትፎ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ ይህ ነው። ባለሙያው ያጠናውን ያህል ነዋሪው አላጠናም። ደረጃውን በየቀኑ የሚወርደው ግን ነዋሪው ነው።

ፊርማ ወይስ ምክንያት

ከመካከላችን አንዱ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እናባዛና ሁላችንም እንላክ አለ። ተከራከርንበት። እኔ የተቃወምኩት እንዲህ ብዬ ነው። ረቂቁን የሚመረምረው ባለሙያ ድምፅ አይቆጥርም። መቶ ጊዜ የተላከ አንድ ደብዳቤ ለእሱ አንድ ምክንያት ነው። በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ ደንብ አውጥተው አስተያየት እንዲቀበሉ ከ1946 ጀምሮ ሕግ ያዛቸዋል። በ2017 በኢንተርኔት እኩልነት ደንብ (አገልግሎት አቅራቢዎች ሁሉንም ድረ ገጽ በእኩል ያስተናግዱ በሚለው) ላይ ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገባ። የኒው ዮርክ ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ምርመራ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ዘመን ብዛት ብቻውን እምነት አያተርፍም።

ፊርማ ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የተመረጠ የምክር ቤት አባል የሰው ብዛት ይመለከታል፤ ሥራውም ነው። ስለዚህ ለያየነው። ፊርማው ለተመራጩ፣ ምክንያቱና ቆጠራው ለመሥሪያ ቤቱ።

ጽሑፋችን አጭር ነበር። ለእያንዳንዱ ነጥብ የረቂቁን ገጽና አንቀጽ ጠቀስን። እዚያ የተጻፈውን እንዳለ ገለበጥን። ማንን እንዴት እንደሚጎዳ ከቆጠራው ጋር አስቀመጥን። ከዚያ በምትኩ ምን ይጻፍ እንደምንል ቃል በቃል አቀረብን። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። ችግሩን በደንብ ይናገርና ምትኩን ለባለሥልጣኑ ይተወዋል። ባለሙያዋ ግን ለአለቃዋ ይዛው የምትገባው ነገር ያስፈልጋታል። የተዘጋጀ አንቀጽ ከሰጠናት ሥራዋን አቀለልንላት ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ነገሩ እንዲስተካከል የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ በእጃቸው የሚይዙትን ማስረጃ መስጠት የእኛ ድርሻ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ "ይህ ሐሳብ ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

መድረኩ ላይ ለአንድ ተናጋሪ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ነጥቦቹን ቀድመን ስለተከፋፈልን አንዳችን የሌላውን አልደገምንም። እኔ የተናገርኩት ስለ ቆጠራው ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው ስለ ደረጃው ተናገረ። አወያዩን ነጥቦቹ በቃለ ጉባኤ እንዲያዙ ጠየቅነው፤ ተያዙ።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ ግን ከእኛ ቀጥሎ የተናገሩት ሰው ናቸው። ከእኛ መስመር የሚነሳው አውቶቡስ የሚሰጠው ለእሳቸው ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው በር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚሄድ፣ ልጆች ትምህርት ቤት እንደሚያረፍዱ ተናገሩ። ትክክል ነበሩ። የሕዝብ ተሳትፎ ሲባል ሕዝብ በአንድ ወገን፣ መንግሥት በሌላ ወገን የሚቆም ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ሳንቲም የሚካፈሉ ሁለት ሰፈሮች ናቸው የሚፋጠጡት። ባለሥልጣኑ ከመሐል ሆኖ አንዱን ያስከፋል።

ከስብሰባው በኋላ ሰውየውን ያዝናቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ አውቶቡሱን የሚፈልጉት በስንት ሰዓት ነው?" አልናቸው። ጠዋትና ማታ ነው አሉን። እኛ የምንፈልገው ረፋድና ቀን ነው። ይኸው ነበር መፍትሔው። ያው አንዱ አውቶቡስ በመግቢያና መውጫ ሰዓት የእነሱ፣ በመሐል የእኛ ቢሆንስ? አብረን ቁጭ ብለን ሰዓቱን አከፋፈልንና በሁለቱም ሰፈር ስም አንድ ተጨማሪ አስተያየት አስገባን። በጀቱን አይነካም። አንዱን ወገን ለማስደሰት ሌላውን ማስከፋትም አልነበረበትም። ለውሳኔው ትልቁን ድርሻ ያዋጣው ይህ ገጽ እንደሆነ አምናለሁ። ቆጠራው በሩን ቢከፍትልንም ስምምነቱ ነው ያስገባን። አሁን በማንኛውም ጉዳይ ላይ ስገባ ቶሎ የምፈልገው ከእኔ በተቃራኒ የቆመውን ሰው ነው፤ ከስብሰባው በፊት ባገኘው ደግሞ ደስ ይለኛል።

የተሻሻለው ዕቅድ ሲወጣ አብሮት ሰንጠረዥ ወጣ። በአንድ በኩል የቀረበው አስተያየት፣ በሌላው የመሥሪያ ቤቱ መልስና ምክንያት። የቀኑ አገልግሎት ተፈቀደ። ደረጃው መደገፊያ እንዲሠራለት ያቀረብነው ጥያቄ ለመንገድ ሥራ ክፍል ተመራ፤ እስካሁን አልተሠራም፣ እየተከታተልን ነው። የሌሊት አገልግሎት ይኑር ያልነው ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ ተጽፏል፤ የሌሊት ሹፌር ደሞዝ በዘንድሮው በጀት አልተያዘም ይላል።

እምቢታው አሳዝኖኛል። የሌሊት ተረኛ ነርሶችና ጥበቃዎች በጨለማ በእግራቸው ነው የሚመለሱት። ምክንያቱ በጽሑፍ መሰጠቱ ግን ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለብን ነገረን። ጉዳዩ የመስመር አይደለም፣ የበጀት ነው። በጀት ላይ ነዋሪ መግባት ይችላል ወይ ለሚል፣ የብራዚሏ ከተማ ፖርቶ አሌግሬ ከ1989 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ነዋሪዎቿ በየሰፈሩ እየተሰበሰቡ የከተማዋ የኢንቨስትመንት ገንዘብ የት ይዋል የሚለውን እንዲመክሩና ቅደም ተከተል እንዲያስይዙ አድርጋለች፤ አሠራሩም ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መድረክ ገና የለም። የበጀት ጥያቄ የሚሰበሰብበት ወር ግን አለ፤ ጠይቀን አውቀነዋል። ቆጠራውን በዚህኛው ዙር የያዙት የሌሊት ተረኞቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የማግዛቸው ወረቀቱን በማዘጋጀትና የሚቀርብበትን ቀን በማስታወስ ነው።