በ42 ተዘግቷል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ምክንያት ብፈልግለት አላገኘሁም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እስከ እኩለ ቀን የደሴን ፒያሳ እንደሸፈነ ቆየ፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደግሞ ለነገ ጠዋት ይድረስ ተብሏል። ሠንጠረዡን ከፍቼ ክስ የተመሠረተባቸውን፣ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠባቸውን፣ በነፃ የተሰናበቱትን በየዓምዳቸው ከሞላሁ በኋላ የተዘጉ መዝገቦች ወደሚሞሉበት ዓምድ ስደርስ እጄ ቆም አለ። ይህ ቁጥር ከፍ ካለ ምክንያቱ ተብራርቶ በአባሪ ይቀርባል። ክስ የተመሠረተባቸው በዝተው ሲገኙ ግን ለምን በዙ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ይጠይቀኛል ብዬም አልጠብቅ።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ማን እንደሆኑ ለሚያውቀኝ መናገር አያስፈልገኝም፤ ለማያውቀኝ ደግሞ ስማቸው ምንም አይጨምርለትም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ደሴ ስመደብ ከእሳቸው ጎን ባለው ጠረጴዛ ተቀመጥሁ። ሰው «ለውጥ ፈላጊው» ይላቸው ነበር፤ ግማሹ ለምስጋና፣ ግማሹ ለሽሙጥ። ለእኔ ለውጥ ማለት ስብሰባ፣ ሥልጠናና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የዜጎች ቻርተር ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ እርሳስ ይዘው መዝገብ ላይ የሚያጎነብሱት ሰውዬ ምኑን እየለወጡ እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ጊዜ ወስዶብኛል።

አነባበባቸው ከኋላ ወደ ፊት ነበር። የምርመራ መዝገቡን ገልብጠው አስቀድመው የኤግዚቢት ዝርዝሩን፣ ቀጥሎ የሐኪም ማስረጃውን፣ ከዚያ የምስክሮችን ቃል፣ በመጨረሻ የተጠርጣሪውን ቃል ያነባሉ። ብዙዎቻችን ግን ተጠርጣሪው «አዎ» ያለበትን ገጽ ፈልገን ከዚያ እንነሳለን። በሽፋኑ ላይ ሰውየው የተያዘበትን ሰዓትና ፍርድ ቤት የቀረበበትን ሰዓት ጎን ለጎን በእርሳስ ይጽፋሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር 48 ሰዓት ይላል፤ ልዩነቱ ከዚያ በልጦ ሲያገኙት ኮታቸውን ደርበው ወደ ጣቢያው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ለምን እንደማይደውሉ ብጠይቃቸው «በስልክ እስረኛ አይታይም» አሉኝ።

አንድ መዝገብ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሰኞ ገበያ ውስጥ ሞባይል ሰርቋል የተባለ የቀን ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ሞባይሉ አልተገኘም። ምስክሮቹ ሦስት ናቸው፤ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ተብሏል፤ ሦስቱም «ተጠርጣሪው በቀኝ እጁ የግል ተበዳይን የግራ ኪስ ሲዳብስ በግልጽ ተመልክቻለሁ» ብለዋል፤ አንዲት ቃል ሳትጨመር፣ አንዲት ሳትቀነስ። ከሦስቱ አንደኛው ግን ቆሞ የነበረው ከሰዎቹ በስተኋላ እንደነበር እዚያው ገጽ ላይ ራሱ ተናግሯል። እሳቸው እርሳሳቸውን በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሥር አሰመሩና፣ «ልጄ፣ ሦስት ሰው አንድ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር ግን አፉ የማን እንደሆነ ይጠየቃል» አሉኝ። መዝገቡን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38(ሐ) ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበት ብለው መለሱት። ያው ቃል፣ ያው ፊርማ፣ አዲስ ሸኚ ደብዳቤ ብቻ ተጨምሮለት ተመልሶ መጣ። በ42(1)(ሀ) ዘጉት።

በእኛ መሥሪያ ቤት «በ42 ተዘጋ» ማለት ለማንም ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ሊል የሚችልባቸውን ምክንያቶች በጣት የሚቆጠሩ አድርጎ ዘርዝሯል፤ የመጀመሪያው ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሥልጣን ከዐቃቤ ሕግ ሥራ ሁሉ ብቸኛው ምስክር የሌለው ነው። ክስ ሲመሠረት ዳኛ ያየዋል፣ ጠበቃ ይተቸዋል፣ ችሎት የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል፤ መዝገብ ሲዘጋ ግን የሚያውቁት የዘጋው ሰውና መደርደሪያው ብቻ ናቸው።

ከዚህም የባሰው ሐሜቱ ነው። ክስ የመሠረተ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹ ችሎት ላይ ቢከዱት፣ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ቢሰናበት እንኳ፣ ማንም አይጠረጥረውም፤ «ዳኛው ነው የፈታው» ይባላል። መዝገብ የዘጋ ግን ከቢሮው ሳይወጣ «ምን ቀምሶ ነው?» ይባላል። ስለዚህ ፈሪ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። ማስረጃው እንደማያዋጣ እያወቀ ይከሳል፤ ዋስትና ሲጠየቅም ይቃወማል፤ ያ የቀን ሠራተኛ ልጅ ዋስ ቢፈቀድለት እንኳ የሚጠራው ዋስ ስለማይኖረው ብይን እስኪሰጥ ወራት ይታሰራል፤ ከዚያ በነፃ ይሰናበታል፤ የዐቃቤ ሕጉም ስም ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል። የአንዱ ስም ንጽሕና በሌላው ሰው የእስር ጊዜ ሲከፈል ሳይ ነው እሳቸው ለምን እንዲያ ግትር እንደነበሩ የገባኝ።

ለሐሜቱ ያገኙት መድኃኒት አዋጅም፣ መመሪያም አልነበረም። መዝገብ በዘጉ ቁጥር የግል ተበዳዩን አስጠርተው፣ ወንበር ስበው፣ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል። ቀጥሎ ግልባጩን በእጁ ይሰጡታል። ከዚያ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 44 ያስረዱታል፦ ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ ራሱ ክሱን እንዲያቀርብ በጽሑፍ እንደሚፈቅዱለት፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ እንዲከስ ይታዘዝልኝ ብሎ ማመልከት እንደሚችል። ማለትም፣ በገዛ አንደበታቸው እንዴት አድርጎ እንደሚያሸንፋቸው ያስተምሩታል። አንዳንዱ ይራገማል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከወረኢሉ የመጡ አንድ አዛውንት ግን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «እስካሁን የሚመልሰኝ እንጂ የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር» ብለው መርቀዋቸው ሄዱ።

ልበ ስስ እንዳይመስሏችሁ። ሥራ የጀመሩት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገና ሳይሻር፣ አንድ ቆላ ወረዳ ውስጥ ነው። በዚያ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ ይቀር ስለነበር፣ ሽማግሌዎች ከዐቃቤ ሕጉ ቀድመው ሥራውን ጨርሰው ይጠብቁ ነበር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ቁጥር 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ፣ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። ሕጉ ከጸና ከዓመታት በኋላ እንኳ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ቢሯችን መጥተው «ታርቀናል፣ ተጋብተዋል፣ መዝገቡ ይዘጋልን» ሲሉ አይቻለሁ። ድንበር ተገፋፍተው በዱላ የተማቱ ጎረቤታሞች ቀላል የአካል ጉዳት ይዘው ሲመጡ ለዕርቅ ፊታቸው የሚበራው ሰውዬ፣ የአበጋሮችን፣ የወሎን ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ደም የማድረቅ ብልሃት ከየትኛውም ሥልጠና በላይ የሚያወድሱት ሰውዬ፣ ያን ቀን ብድግ ብለው ሽማግሌዎቹን በክብር ካስቀመጡ በኋላ «አባቶቼ፣ ልጅቷን ይዛችኋት መጥታችኋል?» ብለው ጠየቁ። አልመጣችም። ክሱ ቀጠለ።

በ2003 የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲው ሲወጣ ተደስተው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ከፖሊስ ጋር ሆኖ እንዲመራ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባልም ክስ እንዲቀር ማድረግ የሚያስችል ሐሳብ ስለነበረው። ግን ወዲያው «ፖሊሲ ለዳኛ አይጠቀስም» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ግምገማ ላይ ያጋጠማቸው ነገር ለራሱ ለግምገማው የሚያሳፍር ነው። ደካማውን መዝገብ አስቀድመው ስለሚዘጉ፣ የከሰሱት ሁሉ ማለት ይቻላል ይቀጣል፤ በዚያ ዓምድ ከሁላችንም የበለጠ ነጥብ ያገኛሉ። ከጎኑ ባለው ዓምድ ግን «መዝገብ የመዝጋት ዝንባሌ ይታይባቸዋል» ተብሎ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ሁለቱ ዓምዶች አንዱ የሌላው ውጤት መሆናቸውን ቆመው ሲያስረዱ የነበረው ዝምታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ልምዳቸው እዚያ ይፈለጋል» ተብሎ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወሩ፤ በኋላም ተመልሰው መጥተው፣ አለቃ ሳይሆኑ፣ ጡረታ ወጡ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ዝውውራቸው አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት፣ በጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ወደ ቢሮ ስንመለስ መደርደሪያዎቹ ተገልብጠው፣ ወረቀቱ ተቀዳዶና ረጥቦ ወለሉን ሸፍኖት ነበር። እሳቸው በእርሳስ ያሰመሩባቸው፣ ምክንያት የጻፉባቸው የተዘጉ መዝገቦችም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ክስ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ በፍርዱ ግልባጭ ከባለጉዳዩ ቤት ይገኙ ነበር። ሳይታሰር የቀረ ሰው ግን ሳይታሰር መቅረቱን የሚያሳይ ወረቀት ቤቱ አያስቀምጥም፤ ብዙዎቹ ሊከሰሱ እንደነበርም አያውቁም። እንግዲህ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ያልሆነ ነገር ሲሆን፣ በምን ይቆጠራል? የእኔ ሠንጠረዥ እንደሆነ ለዚህ ዓምድ የለውም።

ከእሳቸው የተረፈኝ ማንበብ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ማታ ሸዋ በር አካባቢ ተደብድቦ የተጎዳባቸውን አንዲት እናት አስጠርቼ፣ መቺውን ለይቶ ያየ ሰው ስላልተገኘ መዝገቡን መዝጋቴን ከነምክንያቱ አነበብሁላቸው። ረጋ ብዬ፣ እንደ እሳቸው ወንበር ስቤ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ። ጨርሼ ቀና ስል እትዬ «ያነበብሽልኝ ገብቶኛል ልጄ፤ ልጄ ግን ተመቷል አይደል?» አሉኝ። ተመቷል አልኋቸው። «የመታው ሰውም አለ አይደል?» አሉ። አለ አልኋቸው። ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ፤ ለውጥ ፈላጊው ሰውዬ ይህን ሲጠየቁ ምን ይመልሱ እንደነበር ለማስታወስ ብሞክር፣ እኔ ባለሁበት እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ትዝ አልለኝ አለ።

ስለዚህ ወደ 15 ቀኑ ተሻገርሁ። ግልባጩን ሰጥቼ፣ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ ነግሬ፣ በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የትኛው ነገር እንደማያንዛዛና ጽሑፉ እንደሚነበብ ሳይቀር ጠቆምኋቸው። አልከስም ያልሁት እኔ፣ እንድከስ የሚያስገድደኝን ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የመረጥሁትም እኔ፤ የመንግሥት ደመወዝ እንዲህም ይበላል። እትዬም ያልኋቸው ሰውዬ ዘንድ ሄደው አጽፈዋል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መልስ እንድሰጥበት ደረሰኝ። ጥሩ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ፍርድ ቤቱ ክሰሽ ቢለኝ ይከፋኝ ይሆን ወይስ እፎይ እል ይሆን?