ቆረቆር በቅባት አይድንም፤ ይህን የሚለው ቅባቱን የሚሸጠው ነው

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስለ ፀጉር ያልተጠየቅሁት የለም። ፀጉሩ የረገፈበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከሰው ውሃውን ነው፤ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ከዚያ አቧራውን። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ሲበዛበት የልጅ ጥርስ ያበልዛል፣ እሱ እውነት ነው። ፀጉር ግን አይነቅልም። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ከራስህ የትኛው ቦታ ነው የሚረግፈው? ግማሹ ምርመራ እዚያ ላይ ያልቃል።

አምና እኔው ቤት አራት ራስ በአንድ ወቅት ታመመ፤ አራስ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ እኔና የስድስት ዓመት ልጄ። ሦስታችንን በአግባቡ ያዝኩ። የልጁን፣ ከሁሉም ቀላል የነበረውን፣ አበላሸሁት። የምጽፈው ለዚያ ስለሆነ ሦስቱን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

አራስ በወለደች በሦስተኛው ወር ገደማ ማበጠሪያው ፀጉር ተሸክሞ ይወጣል። የሚወርደው በእርግዝናው ጊዜ መርገፍ ሲገባው ሳይረግፍ የቆየው ነው። ታይፎይድ፣ ወባ፣ ቀዶ ጥገና፣ በአንዴ ብዙ ኪሎ መቀነስም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሁሉም የሚያረግፉት ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ባለፈው ሳምንት በቀየራችሁት ሻምፑ ውስጥ አትፈልጉ፤ ካላንደሩን ሦስት ወር ወደ ኋላ ግለጡ። ጤነኛ ራስም ቢሆን በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይጥላል። እኛ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (ሰውነት ያስቀመጠውን የብረት መጠን የሚያሳየውን) አስለካን፣ የጎደለውን ብረት ጀመርን፣ ጠበቅን፤ ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ይራቅ፤ አራስ ቤት ቡና ከምድጃ ስለማይወርድ ይህ ሲያወሩት እንደሚቀለው አይደለም። በብርቱካን ቢዋጥ ይሻላል። “ጤፍ እየበላን ብረት እንዴት ይጎድለናል?” ለሚሉኝ፣ ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ሰውነት የሚወስደው ግን ጥቂቱን ነው። የፀጉር ቫይታሚን እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ የታይሮይድ ምርመራን ያሳስታል፤ ደም ከመስጠታችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙት። ላብራቶሪው አይጠይቃችሁም። ለምታጠባ እናት ራስ ላይ የሚቀባውን ፀጉር ማብቀያ፣ ሚኖክሲዲልን፣ አልሸጥም፣ ብትለምነኝም።

የአማቴ የፊት መስመር ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የዕድሜ ልክ ጥብቅ ሹሩባ ነው። ግንባር ዳር ላይ ቀጫጭን ፀጉር በአንድ ረድፍ ቀርቶ ከኋላው ባዶ ከሆነ፣ ጉተታ ያመጣው ነው። ቆዳው ላይ የፀጉር ቀዳዳ አሁንም ከታየ ሹሩባውን በማላላት ይመለሳል፤ ቆዳው ከለሰለሰና ካበራ ግን ሥሩ ሞቷል። “እማማ፣ ለዚህ ብር አያውጡ” አልኳቸው፤ ተቀየሙኝ፣ ሻሻቸውንም ይብሱን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ትንሽ ልጅ ተሠርታ ሌሊቱን ራሷን ካመማት ወይም ግንባሯ ዳር ብጉር ካወጣች ያኔውኑ ይፈታላት፤ “ትለምደዋለች” አይባልም። ከ30 ዓመት በላይ የሆነች ሴት መሀል አናቷ እያቃጠላት እየሳሳ ከሄደ ደግሞ ቅቤም ሬትም ሳትሞክር የቆዳ ሐኪም ትይ። ያኛው ሥሩን ወደ ጠባሳ የሚቀይር ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ማዳን የሚቻለው የቀረውን ብቻ ነው።

የኔ ተራው ራሰ በራነት ነው፤ ከሁለቱ የግንባር ጥግና ከአናት። ሚኖክሲዲል 5 ፐርሰንት፣ በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር፣ ደረቅ የራስ ቆዳ ላይ እንጂ ፀጉሩ ላይ አይደለም። ወረቀቱ በቀን ሁለቴ ይላል። እኔ የምለው ማታ አንዴ፣ ግን ሳያቋርጡ፤ ሁለቴ ጀምሮ በወሩ የሚተወውን ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጭራሽ ሊብስ ይችላል፤ አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ብዙ ደንበኛ ጠርሙሱን ይዞ ሊጣላኝ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለውጥ በአራተኛው ወር ይጀምራል፣ ፍርዱ በዓመቱ ነው፤ ከተዋችሁት ያተረፋችሁት በጥቂት ወራት ይረግፋል። አረፋውን የምትገዙ፣ በአዳማ ሙቀት ጣት ላይ እንዳረፈ ይቀልጣል፤ ጣታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባችሁ አድርቁ፣ መኪና ውስጥም አትተዉት። ለፕሮስቴት የሚሸጠውን ባለ 5 ሚሊግራም ፊናስተራይድ እየሰባበሩ ለፀጉር የሚወስዱ አሉ፤ ስባሪውን ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው። ዕድሜው የገፋ ሰው ፊናስተራይድ የሚውጥ ከሆነ የፕሮስቴት የደም ምርመራው ቁጥር በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ለሐኪሙ ይንገር። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ፀጉር ተከላ አትሂድ እለዋለሁ፤ የራሱ ፀጉር ገና ሸሽቶ አልጨረሰም፣ የተተከለው መሀል ሜዳ ላይ ደሴት ሆኖ ይቀርበታል።

ወደ ልጁ ልምጣ።

ቆረቆር ፈንገስ ነው። በእኛ አገር ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም ፀጉሩን ከውጭ አይለብሰውም፤ ውስጡ ገብቶ ይሞላዋል። ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ይሰበርና ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ክሬም ፀጉሩ ሥር ድረስ ዘልቆ አይገባም፤ የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ስንቱን ደንበኛ መክሬበታለሁ። የልጄ ጆሮ በላይ ሽልንግ የምታህል ቅርፊታም ቦታ ስትወጣ ግን ፈንገስ ማጥፊያ፣ አንቲባዮቲክና ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ቱቦ ከመደርደሪያው አንስቼ ቤት ገባሁ። ልጅን ለስምንት ሳምንት ክኒን ማዋጥ ስለከበደኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፣ መቅላቱ ጠፋ። ስቴሮይድ የሚያበርደው የሰውነትን ቁጣ ነው፤ ፈንገሱ ከሥር ያለ ከልካይ ይሰፋል። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ቦታ ሦስት ሆነች። ያኔ ናሙና አሰጠን፤ “ፈንገስ አልታየም” የሚል ወረቀት ይዘን ተመለስን። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ፈንገስ ማጥፊያ ሲቀባ ከከረመ ራስ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ግማሹ የላብራቶሪው፤ የፋቀው ቅርፊት ብቻ ነበር። መወሰድ ያለበት ጉቶው ፀጉር ነው፤ ጥቁሩ ነጥብ በወረንጦ ተነቅሎ፣ ቅርፊቱ ተጨምሮበት፣ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ተንጠባጥቦበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሌላ ቦታ ደግሞ በሐምራዊ መብራት አይተውት “አያበራም፣ ፈንገስ አይደለም” አሉን። ፀጉሩ ውስጥ የሚኖረው የእኛው ዓይነት በዚያ መብራት አያበራም! ብዙውን ጊዜ የሚያበራው ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ከሦስቱ አንዱ አበጠ። ሲነካ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ቲማቲም ይሰረጉዳል፣ መግል ያዥበታል፣ ከአንገቱ ጀርባ እጢ ወጣ፣ ልጁም አተኮሰው። ቅዳሜ ማታ ነበር። የገባንበት ክሊኒክ ተረኛ “አባት፣ ይሄ እባጭ ነው፤ መግል ቋጥሯል፣ ካልተቀደደ አይሆንም” አለ። ልጁን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ምላጩ ሲገባ የወጣው ደም ነው፤ የተጠራቀመ መግል አልነበረም። እዚያ ላይ እንኳ “አቁም” አላልኩም። ቀዳዳውን በጎዝ ሞልቶ የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ጻፈልን።

ያ እብጠት ኬሪዮን ይባላል፤ ሰውነት ፈንገሱን ዘግይቶ አይቶ በኃይል ሲቆጣ የሚመጣ ነው። አይቀደድም። ከእባጭ የሚለየው በቀላሉ ነው። እባጭ ላይ የበቀለ ፀጉር ሲጎትቱት ያማል፤ ኬሪዮን ላይ ያለው ሳብ ሲያደርጉት ሳያም ተነቅሎ ይመጣል። እባጭ አንድ አፍ ያወጣል፤ ኬሪዮን እንደ ወንፊት በብዙ ቀዳዳ ያፈሳል። ዙሪያውን ቅርፊትና ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ምላጭ አታስነኩ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከተደረበበት ነው፤ ፈንገሱን አይነካውም።

ሰኞ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ወጥተን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ ሁለት ፀጉር ሳብ አደረገችና ጨረሰች። ያዘዘችው ግሪሶፉልቪን የሚባለውን የሚዋጥ ፈንገስ ማጥፊያ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግድም እኔ ልጀምረው ይገባኝ የነበረው።

መጠኑ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ለልጅ በኪሎ ወደ 10 ሚሊግራም ይላል፤ የቆዳ ሐኪሞች ዛሬ የሚያዙት ከ20 እስከ 25 ነው። ልጄ 18 ኪሎ ነበር። በወረቀቱ ሒሳብ 180 ሚሊግራም፤ በሐኪሟ ሒሳብ ባለ 125ቱን ሦስት ክኒን፣ 375 በቀን፣ ለስምንት ሳምንት። “ወስዶ አልዳነም” ተብሎ የሚመለስልኝ ልጅ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ያነሰበት ወይም በአራተኛው ሳምንት “ፀጉሩ በቅሏል” ተብሎ የተቋረጠበት ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት የታዘዘላችሁ ካነሰ ሐኪሙን እንድትጠይቁ እንጂ ራሳችሁ እንድታስጀምሩ አይደለም። አንድ ልጅ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ወይም ጉበቱን የሚያመው ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሌላው የሚዋጥ ፈንገስ ማጥፊያ፣ ተርቢናፊን፣ ከተገኘ ለዚህ ዓይነቱ ፈንገስ አራት ሳምንት ይበቃል፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የባለ 250ው ክኒን ሩብ ነው። አሁን ብሆን እሱን እጠይቅ ነበር፤ ስምንት ሳምንት ረጅም ነው።

ግሪሶፉልቪን ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥም። በወተት፣ በእንቁላል፣ ቅቤ በነካው ገንፎ ይሰጥ። የእኛው ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ፤ ልጁ ባይጾምም ቤቱ ውስጥ ወተት አልነበረም፣ እኔም በመጀመሪያው ሳምንት በሻይ አዋጥኩት። አቮካዶ ወይም የለውዝ ቅቤ ቢኖር ይበቃ ነበር።

ክኒኑን በጀመረ በአምስተኛው ቀን ጆሮውና ጉንጩ ላይ የሚያሳክክ ደቃቅ ሽፍታ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ “አለርጂ ነው፣ አቁሙ” አለ። ይህ ሰውነት ለፈንገሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ መድኃኒቱን ይጥሉና እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ክኒኑ ቆሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ። ኬቶኮናዞል 2 ፐርሰንት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ፣ አረፋውን አምስት ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ። አያድንም፤ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ያግዛል። ስለዚህ ቤት ያለው ሁሉ ታጠበበት፣ አማቴም እያጉረመረሙ።

ትምህርት ቤቱ “ድኗል የሚል ወረቀት ካላመጣ አይገባም” አለ። የሚውጠውን ጀምሮ በሻምፑ የሚታጠብ ልጅ ክፍል መግባት ይችላል፤ የሚያስፈልገው ኮፍያና ማበጠሪያ አለመዋዋስ ነው። ሐኪሟ ይህንኑ ጽፋልን ነበር። ወረቀቱን ሦስቴ ይዤ ሄድኩ፤ ርዕሰ መምህሩ ሦስቴም “እስኪ ሌሎች ወላጆች ምን ይላሉ” አሉኝ። ልጁ ሁለት ሳምንት ቤት ዋለ፤ የክፍል ጓደኞቹ ራሳቸውን እያከኩ ሲማሩ።

ከየት እንደመጣ እርግጠኛ ባልሆንም ቶንዶሱን እጠረጥራለሁ። ፀጉር ቤቶች አልኮል ረጭተው በላይተር ቦግ ያደርጉታል፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ጥርሱ መሀል የቀረውን ፀጉር ግን አያወጣም። መጀመሪያ ምላጩ ተፈቶ በብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ ምላጩም ማበጠሪያውም አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት 10 ደቂቃ ይነከር፤ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፣ ምላጩ ዘይት ይነካ፣ አለበለዚያ ይዝጋል። እኔ የራሳችንን ቶንዶስ ገዝቼ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ አሁን ልጁን ሲላጭ ከጆሮው በላይ ያለችውን የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ባዶ ቦታ እንዳትታይ ዙሪያዋን ረዘም አድርጎ ይተውለታል።