«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት፦ የባሻ የጤና ክትትል

እስስቴ ባሻ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። የየመን እስስት ወንዱ በደንብ ከተያዘ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል፤ ሴቷ እንቁላል መጣሉ ስለሚጎዳት ብዙውን ጊዜ ቀድማ ትሄዳለች። ባሻ እንግዲህ ሽማግሌ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያረጀ እስስት ላላችሁ፣ ወይም ዛሬ ጎረምሳ የሆነው ነገ ለሚያረጅባችሁ ነው። ካለፈው መኸር ወዲህ የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ያረጀ እስስት ላይ የምናየውን ለውጥ ሁሉ «እርጅና ነው» ብለን ካለፍነው የውሃ ጥሙንም፣ ሕመሙንም፣ የመብራቱንም መድከም አብረን እናልፈዋለን። እነዚህ ደግሞ መላ አላቸው። እርጅና የሚለው መልስ ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ የሚመጣ ነው።

እስስት ሕመሙን ይደብቃል። በዱር ሳለ ደከም ብሎ የታየ የወፍና የእባብ ሲሳይ ስለሚሆን አቅሙ እስኪሟጠጥ ድረስ ደህና መስሎ ይቀመጣል። እኛ «ዛሬ ደስ አላለኝም» የምንልበት ቀን ሲደርስ እሱ ከታመመ ሳምንታት አልፈው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ባሻ መጽሐፍ ላይ ካለው እስስት ጋር ማወዳደሬን ትቼ ካለፈው ወር ባሻ ጋር አወዳድረዋለሁ። ለዚህ ትዝታ አይበቃም፣ መጻፍ ያስፈልጋል። ደብተሬ ላይ የሚሰፍረው ክብደቱ፣ የበላውና የተወው፣ የዓይነ ምድሩ መልክ፣ ቆዳ የገፈፈበት ጊዜ እና ከወትሮው የተለየ ያየሁት ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ዝርዝር የሚያበዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይሰለቻል፤ የተቋረጠ መዝገብ ደግሞ አይጠቅምም።

ክብደቱን ቅዳሜ ጠዋት ከመብላቱ በፊት እመዝናለሁ። ጨብጦ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስጨንቀዋል፤ ሲወራጭም ቁጥሩ አይረጋም። አጭር እንጨት በሁለት እግር አቁሜ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አኖራለሁ፣ ሚዛኑን ዜሮ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እጄን ከእንጨቱ ዝቅ አድርጌ ሳቀርበው ራሱ ይሻገራል። እስስት ከፊቱ ከፍ ያለ ነገር ካገኘ መውጣት ይወዳል። በጉብዝናው ዘመን 170 ግራም አካባቢ ነበር። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከተጸዳዳ በኋላ ቢመዘን እንኳ ልዩነት ያሳያል። የሚያሳስበው ቁጥሩ በተከታታይ ወደ ታች ሲሄድ ነው። የእኔ መስመር ከተለመደው ክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው፤ በኅዳር መጨረሻ 152 ግራም ሲደርስ ወሰድኩት።

ከሚዛኑ በፊት ግን ፍንጭ የሰጠኝ ዓይነ ምድሩ ነው። እስስት ሽንቱን እንደ እኛ በፈሳሽ አያስወግድም፤ ከቡናማው ጋር አብሮ የሚወጣው ነጭ ክፍል ዩሬት ይባላል፣ ኩላሊቱ ያጣራው ዩሪክ አሲድ ነው። በቂ ውሃ ያገኘ እስስት ዩሬቱ ነጭና ለስላሳ ነው። ቢጫ ሲሆን ውሃ አጥሮታል፤ ወደ ብርቱካናማ ሲሄድና እንደ ጠመኔ ሲደርቅ እጥረቱ ከፍቷል ማለት ነው። የባሻ ዩሬት በጥቅምት ጫፉ ላይ ቢጫ ማሳየት ጀመረ። እኔ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ያለ ደረቅ አገር ነው፣ ማሞቂያ ሲከፈት ደግሞ የቤቱ አየር ይብሳል። የባሻ ዝርያ የመጣው ከየመንና ከደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። እዚያ ቀኑ ሞቆና ደርቆ ቢውል እንኳ በደጋው ሌሊት ጉምና ጤዛ አለ፤ እንስሳው በእንቅልፉ እርጥብ አየር ይተነፍሳል፣ ሲነጋ ከቅጠል ላይ ጤዛ ይልሳል። እዚህ ቤት ያ ሌሊት የለም፤ እኛው ልንፈጥርለት ይገባል።

አሁን ወደ ምላሱ ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ እሱ ነው። በዚያው ሰሞን ባሻ ሲያድን ዒላማውን መሳት ጀመረ። ክሪኬቱን (ፌንጣ መሰል ነፍሳት ነው) በሁለት ዓይኑ አነጣጥሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ የምላሱን ጫፍ አስቀድሞ እስኪያወጣ ድረስ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ሲወነጨፍ ግን ምላሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይወድቃል፤ ወይም ክሪኬቱን ነክቶት ሳይዘው ይመለሳል። አንዳንዴ ምላሱ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ቆይቶ በዝግታ ይሰበሰባል። ምላሱ የሚወነጨፍበትን ጉልበት የሚያገኘው ቀድሞ ተወጥሮ ከሚጠብቅ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ ለዚህ ነው ብርድ ላይ ያለ እስስት እንኳ በፍጥነት መወንጨፍ የሚችለው። የሚመለሰው ግን በጡንቻ ነው። ስለዚህ ምላሱ ሲመለስ መዘግየቱ ብርድ ወይም የጡንቻ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻ ለመሥራት ካልሲየም ስለሚፈልግም የካልሲየም እጥረት አንዱ ተጠርጣሪ ነው። አፉ ውስጥ ቁስል ቢኖርም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ሳይጣራ «ሸመገለ» ማለት ይከብዳል።

መጀመሪያ መብራቱን ለካሁ። ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር የሚሰጥ መብራት ለዓይን ደምቆ እየበራ ጨረሩ ሊደክም ይችላል፤ ያ ጨረር ከሌለ ደግሞ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ ሠርቶ ካልሲየሙን መጠቀም አይችልም። ሶላርሜተር 6.5 የሚባለው መለኪያ ባሻ ሙቀት በሚሞቅበት ቅርንጫፍ ላይ፣ በጀርባው ከፍታ፣ የዩቪ ኢንዴክሱን 3 ገደማ አሳየኝ። ለዚህ ዝርያ የሚፈለገው ይኸው ነው። መለኪያው ርካሽ አይደለም፤ ብዙዎች ከጓደኛ ጋር ገዝተው ይጋሩታል፣ እኔም የምመክረው ይህን ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ቲ5 የሚባለውን ቀጭን የዩቪቢ ቱቦ አምፖል በዓመቱ ይቀይር።

መብራቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ክብደቱም ከቀነሰ፣ የቀረው ሐኪም ነው። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እስስት አያክምም። ተሳቢ እንስሳትን ለይታ የምታክም ሐኪም አግኝቼ ወሰድኩት፤ ደብተሩንም ይዤ ሄድኩ። ገልጣ አንብባው ስትጨርስ የጠየቀችኝ ጥቂት ነገር ብቻ ነበር። አፉን አየች፣ ቁስልም መግልም የለም። በራጅ አጥንቱና መንጋጋው ጠንካራ ነው። ከዚያ የፊት ቀኝ እግሩን በሁለት ጣቷ እየዳሰሰች አንድ መገጣጠሚያ ላይ ቆመች፤ እኔ ያላየሁት ትንሽ እብጠት ነበር። ከጅራቱ ሥር ደም ቀዳች። ሥጋ የሚበሉ ተሳቢዎች ከበሉ በኋላ ዩሪክ አሲዳቸው ለጊዜው ከፍ ስለሚል ሳይበላ እንድመጣ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ዩሪክ አሲዱ ከሚገባው በላይ ነው። ሪህ እየጀመረው ነበር ማለት ነው፦ ኩላሊቱ ማስወገድ ያቃተው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀመጣል፣ ያማል። በሰው የምናውቀው ሪህ ነው። ለረጅም ጊዜ ውሃ ማጠርና ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ያባብሱታል።

ለሕመሙና ለዩሪክ አሲዱ መድኃኒት አዘዘችለት። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ በክብደትና በኩላሊት አቅም የሚወሰን ስለሆነ ከሌላ ሰው እስስት ተገልብጦ የሚሰጥ አይደለም። የቤቱን ሥራ ግን ላካፍላችሁ።

ውሃው ቀዳሚ ነው። ንጋት ላይ አምፖሉ ከመብራቱ በፊትና ማታ ከጠፋ በኋላ የመርጫ ማሽኑ ቅጠሉን በደንብ ያርሳል፤ ሌሊት የጉም ማሽኑ ይሠራል፣ እርጥበቱ ከ80 በመቶ ያልፋል። ሌሊት የሙቀት መብራት የለም፤ ጉም ከሙቀት ጋር ከሆነ ለሳንባው መጥፎ ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ግን ይስማማዋል። ቀን ኬጁ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። ከሰዓት ላይ ኬጁ ውስጥ ባለው የፊከስ ተክል ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ጠብ እንዲል አደርጋለሁ፤ ባሻ መጀመሪያ ያየዋል፣ ቆይቶ መጥቶ ይልሳል። ሲጠጣ አጠገቡ አልቆምም፤ ሰው ካየ መጠጣቱን ይተዋል።

ምግቡን ቀነስኩ፤ በሦስት ቀን አንዴ፣ ጥቂት ብቻ። የዱቢያ በረሮውን አሳንሼ የሐር ትል፣ የብላክ ሶልጀር ዝንብ እጭ እና ሆርንዎርም የሚባለውን ወፍራም ትል አበዛሁ። እጩ በራሱ ካልሲየም አለው፤ ሆርንዎርሙ ደግሞ አብዛኛው ሰውነቱ ውሃ ስለሆነ ውሃ ማጠጫም ነው። ለበረሮዎቹ የምሰጠው ጎመንና ዱባ ነው። የካልሲየም ዱቄቱን ስስ አድርጌ እነሰንሳለሁ፤ ቫይታሚን ያለበትን በወር ሁለቴ ብቻ፣ ሲበዛ ጉሮሮው ሥር ውሃ ይቋጥራልና። ባሻ ኬጁ ውስጥ ያለውን ፖቶስ የሚባል ተክል አልፎ አልፎ ይነክሳል። የየመን እስስት ቅጠል መብላቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ መርዛማ ወይም መድኃኒት የተረጨ ተክል ኬጁ ውስጥ መግባት የለበትም።

ቅርንጫፎቹን እንደ አዲስ ሠራኋቸው፤ እኔ ብዙ የለፋሁት እዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያው የሚያመው እንስሳ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት መውጣት ይከብደዋል። አሁን አብዛኛዎቹ አግድም ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይንጠራራ ይደርሳል። ውፍረታቸው የተለያየ ነው፤ ጣቶቹ እንጨቱን አቅፈው ሳይገጣጠሙ የሚጨብጡበትን ይመርጣል፣ የመረጠውን አይቼ ሌሎቹን በዚያ ልክ ለወጥኩ። ቢወድቅ እንዳይጎዳ ከታች ወፍራም ተክል አለ። የሙቀት መብራቱንም አራቅሁት፤ የሚሞቅበት ቦታ 29 ዲግሪ ነው። ቶሎ መንቀሳቀስ የማይችል እስስት ሲሞቀው ስለማይሸሽ ራሱ ላይ ያለው ቆብ መሰል ጉብታ ወይም ጀርባው ይቃጠላል፤ በሽማግሌ ላይ ይህ በብዛት የሚደርስ ጉዳት ነው።

እማዬ መጀመሪያ ከባሻ ክፍል በር አታልፍም ነበር። አገር ቤት እስስት እንደማይነካ ሰምታ ያደገች ናት። ቀን ቤት የምትውለው እሷ ስለሆነች ግን ከእኔ በላይ ታየዋለች፤ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ ዋለ» ብላ የነገረችኝ እሷ ናት። ይህን በቀላሉ አትዩት። ጤነኛ እስስት ቀን አይተኛም፤ በብርሃን ዓይኑን የሚጨፍን፣ አንዱንም ቢሆን፣ አንድ ነገር ሆኗል። የዓይኑ ጉልላት ወደ ውስጥ መጎድጎዱም የውሃ እጥረት ነው። ከቀለሙ የማየው ቀን ላይ እንደ እንቅልፉ ሰዓት መገርጣቱን፣ ወይም ሞቆት እያለ ጠቁሮ መዋሉን ነው። በአፉ የሚተነፍስ፣ አንገቱን ወደ ላይ የሚያቃና፣ ሲተነፍስ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያለው ደግሞ ሳንባው ታሟልና ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይወሰድ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ዩሬቱ ወደ ነጭነቱ ተመለሰ። በየካቲት የተደረገው የደም ምርመራ ዩሪክ አሲዱ መውረዱን አሳየ፣ ባይስተካከልም። እብጠቱ ጎደለ፤ አሁን የፊት እግሩ ቅርንጫፉን ሲይዝ አይንቀጠቀጥም፣ ቀን ዓይኑን አይጨፍንም። ክብደቱ 159 ላይ ቆሟል፤ ሐኪሟ 170ን እንዳላሳድድ ነግራኛለች፣ ለኩላሊቱ ቀለል ብሎ መኖሩ ይሻለዋል። ምላሱ ግን አልተመለሰም። ሁሉም ከተጣራና ከታከመ በኋላም አጭር ነው፣ ይስታል። ይሄኛው እርጅና ነው፤ አሁን በልበ ሙሉነት እላለሁ። ስለዚህ ትሉን ግድግዳው ለስላሳ በሆነ ነጭ ኩባያ ውስጥ አድርጌ ከአፉ ፊት፣ ምላሱ ከሚደርስበት ግማሽ ርቀት ላይ እይዝለታለሁ። ባይወነጨፍም ጠጋ ብሎ በመንጋጋው ያነሳዋል።

ከሐኪሟ ጋር ስለ መጨረሻውም ተነጋግረናል። ቅርንጫፍ መጨበጥ ካቃተው፣ በኩባያም ካልበላ፣ መድኃኒት ወስዶም ቀን ዓይኑን ከጨፈነ ስቃዩን አናራዝምም። እነዚህን ሦስቱን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌአቸዋለሁ፤ ያን ቀን ልቤ ተሸብሮ እንዳልወስን ብዬ ነው።

ቀጣዩ የደም ምርመራ ግንቦት ላይ ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ከእናንተ እፈልጋለሁ፦ ያረጀ ወንድ እስስት ያላችሁ፣ በተለይ ጥፍሩ የረገፈበት፣ ቅርንጫፉን በምን ትጠቀልሉለታላችሁ? የቡሽ ቅርፊት ሞክሬ ውሃ ሲነካው እየሻገተ አስቸግሮኛል፤ የማይሻግት፣ እግሩንም የማይፍቅ ነገር ያገኘ ቢነግረኝ ባሻን ይጠቅመዋል።