መቀሱ

ዛሬ ጠዋት መቀሱን ሦስቴ አነሳሁት፣ ሦስቴም መልሼ አስቀመጥኩት። የጥፍር መቀስ ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ትንሽዬ። ፊት ለፊቴ ስቶክ የሚባል አበባ ችግኝ ያፈላሁበት ትሪ ተቀምጧል። 24 ጎድጓዳ አለው፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዱ ውስጥ ሦስት ቡቃያ ተፋፍጎ ቆሟል። ሁሉም አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጓል። ከየጎድጓዳው አንድ ብቻ ይቀራል፣ የቀረው ይቆረጣል። ማሳሳት ይሉታል። ሲጠሩት ቀላል ነው።

ለምን እንደሚደረግ ጠፍቶኝ አይደለም። ሁለት ችግኝ በአንድ ጭብጥ በማትሞላ አፈር ላይ ሲያድጉ ብርሃን ይሻማሉ። ሲሻሙ ደግሞ መወፈሩን ትተው ሽቅብ ይመዘዛሉ፤ መለሎ ሆነው ክር በመሰለ አገዳ ላይ ይወዛወዛሉ። በመሃላቸው አየር አያልፍም። ሥራቸው ስለሚጠላለፍ መንቀልም አይሆንም፤ አንዱን ስስበው ሌላው አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከአፈሩ ጥግ በመቀስ ቀጭ ማድረግ ነው የሚሻለው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እኮ ሁለቱም ደህና ናቸው። የታመመ ቢሆን እጄ አይያዝም ነበር።

አበባ ከዘር ማፍላት የጀመርኩት በፔቱኒያ ነው፤ ለጀማሪ እንደማይሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የፔቱኒያ ዘር ዘር አይመስልም፣ ብናኝ ነው። አንድ ግራም ውስጥ 10,000 ገደማ ይገባል። ፓኬቱን ስከፍተው ባዶውን የሸጡልኝ መስሎኝ ነበር። ማስነጠስ የለም፣ ማውራት የለም፣ መተንፈስም በልክ ነው። ያንን ብናኝ በትጋት ጣት በሚያህል አፈር ደፈንኩት። ሦስት ሳምንት ውሃ አጠጣሁ። አፈር ነው ያጠጣሁት። ለካ ፔቱኒያ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ እላዩ ላይ ይበተናል፣ በመዳፍ በስሱ ይጫናል፣ አይሸፈንም። ፓንዚ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጨለማ ካላገኘ ያኮርፋል። ማሪጎልድና ዚኒያ እንዲህ ያለ ጣጣ የላቸውም። ሸፈን አድርጎ መተው ነው፣ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላሉ። በእነሱ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ሌላ ሰው ሆኜ ነበር።

ሁለተኛው ዙር በቀለ። ብናኙን ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ በተንኩት፣ ትሪውን በፕላስቲክ ሸፈንኩት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን አፈሩ አረንጓዴ ጸጉር አወጣ። ጸጉር ነው ሌላ ስም የለውም። እየጎነበስኩ ሳየው ውዬ አድር ነበር። አንድም አላሳሳሁም፤ ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ መቀስ ይዞ መምጣት ነውር መሰለኝ። ውሃውንም በየሰዓቱ እረጨዋለሁ። ፕላስቲኩን አላነሳሁትም፣ ይበርዳቸዋል ብዬ።

አንድ ቀን ጠዋት አምስቱ ተኝተዋል። የተጠሙ መስሎኝ ውሃ ጨመርኩ። ማታ ስመለስ ሳንቲም የሚያህል ክብ ቦታ ላይ ያሉት ሁሉ ወድቀዋል፤ በማግስቱ ክቡ የእጅ መዳፍ አከለ። አንዷን በወረንጦ አንስቼ በማጉያ መነጽር አየኋት። ክኳ፣ ማለትም መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ ቅጠሎቿ፣ ገና አረንጓዴ ናቸው፤ ምንም አልሆኑም። አገዳዋ ግን ከአፈሩ ጋር የሚገናኝባት ቦታ ላይ ቡናማ ሆና ተሟሽሻለች፣ የተጠመዘዘ ክር መስላለች። ከላይ በሕይወት አለች፣ ከታች ተቆርጣለች። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የተባሉ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ተውሳኮች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። የሚወዱትም ልክ እኔ ያዘጋጀሁላቸውን ነው፦ ርጥብ፣ የታፈነ፣ የተፋፈገ። የወደቀው አይነሳም፣ መድኃኒት የለውም። በአራት ቀን ውስጥ ትሪው ራሰ በራ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ትሪውን ከመዝራቴ በፊት በበረኪና አጥባለሁ፤ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። አሮጌ አፈር ለችግኝ አልደግምም። ውሃ ከላይ አላፈስም፤ ትሪውን ውሃ የያዘ ሳህን ላይ አስቀምጬ የአፈሩ ፊት እስኪጠቁር ይጠጣል፣ ከዚያ ይወጣል። ቡቃያው ብቅ ሲል ፕላስቲኩ በዚያው ቀን ይነሳል። ሁሉንም ለምጄዋለሁ፤ እጄ እንቢ የሚለኝ መቀሱ ላይ ብቻ ነው።

እቴቴ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት አበባ አፍልታለች። ባለፈው ዓመት ደውዬ ስነግራት አልሳቀችም፣ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት መትከያ አለሽ?»

«አሥር።»

«ስንት ዘር ዘራሽ?»

«ፓኬቱን።»

«ታዲያ ማን ሁሉንም ዝሪ አለሽ?»

ማንም አላለኝም። ባይበቅልስ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ፔቱኒያ ሳይበቅል እንደቀረ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ፓኬት ስከፍት እጄ አይመጠንም። ደግሞ የሚገርመው፣ የሚቸኩለው እኔ እንጂ ዘሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1879 ዊልያም ቢል የሚባል አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ የተለያየ ዘር በ20 ጠርሙስ አድርጎ ሚሺጋን ውስጥ ቀበረ፤ ከእሱ ሞት በኋላም ተተኪዎቹ በየተወሰነ ዓመት አንድ አንድ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጠርሙስ ውስጥ የነበረ ቨርባስከም የሚባል ተክል ዘር በቀለ፤ 142 ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ ተቀምጦ። የእኔ ፔቱኒያ እንዲህ አይጠብቅም፣ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ በወረቀት ተጠቅልሎ ለሁለት ሦስት ዓመት የሚያቅተው አይደለም። ፓኬት ውስጥ የተረፈው ዘር ምንም አይጠይቀኝም። የበቀለው ነው የሚያፋጥጠኝ።

የዘንድሮው ስቶክ ደግሞ የባሰ ነው። ምክንያቱም አምና በመቀስ የሠራሁት ስህተት አለብኝ።

አምና ድርብ አበባ ይሰጣል የተባለ የስቶክ ዘር ገዝቼ ነበር፤ አበባው እንደ ትንሽ ጽጌረዳ በቅጠል ላይ ቅጠል የተደራረበ፣ ሽታው ክፍሉን የሚሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨክኜ አሳሳሁ። ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ጠንካራውን፣ ጥቁር አረንጓዴውን አስቀረሁ፤ ገርጣ ያለውን፣ ቢጫ ቢጫ የሚለውን ቆረጥኩ። ኮራሁ እንኳን። አበባው ሲፈነዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባለ አራት ቅጠል ነጠላ ሆነ። የዘር ሻጩን በሆዴ ስረግም ከረምኩ። በኋላ ለእቴቴ ሳወራት፣ «የገረጣውን ቆርጠሽ እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ቆርጠሻል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርብ የሆነው ስቶክ መካን ነው። ወንዴውም ሴቴውም የአበባ ክፍል ሁሉ ወደ አበባ ቅጠል ስለተለወጠ ዘር አያፈራም። ድርቡን የሚወልደው ነጠላው ነው፤ ድርብ እንዲሰጥ ከተመረጠ ነጠላ ተክል ዘር ግማሽ ያህሉ ድርብ፣ ግማሽ ያህሉ ነጠላ ይሆናል። ኢዲት ሳውንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት የዕፅዋት ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዓመታቷን የሰጠችው ለዚሁ ለስቶክ ውርስ ነበር። አርቢዎች ደግሞ በተለይ የመረጧቸው ዝርያዎች አሉ፤ ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ለጥቂት ቀን ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ድርቡ ይገረጣል፣ ነጠላው ይጠቁራል። እንግዲህ እኔ የቆረጥኩት ድርቡን ነው። ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ በደቃቅ ፊደል። አላነበብኩትም፤ ደካማ ቡቃያ ለመለየት መመሪያ የሚያነብ ማን አለ?

ስለዚህ ዘንድሮ ያንኑ ዝርያ ገዝቼ ትሪውን ሌሊት ሌሊት በረንዳ ላይ አሳደርኩት፤ ቴርሞሜትሩ ሰባትና ስምንት ሲል ነበር። በአምስተኛው ቀን ልዩነቱ ታየኝ፤ ወይም የታየኝ መሰለኝ። በጠራራ ፀሐይ አይለይም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ደመናማ ጠዋት ላይ ግን ከትሪው ጀርባ ነጭ ወረቀት ሳቆም አንዱ የበሰለ ሎሚ፣ ሌላው ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል። ችግሩ፣ ለዓይን የሚያምረው አሁንም ጥቁሩ ነው። ገርጣው ከአፈር ጋር የተጣላ ይመስላል። አጎንብሼ ጤነኛውን ልቁረጥና ሕመምተኛ የሚመስለውን ላስቀር ነው፣ በተነገረኝ ብቻ።

አራተኛው ላይ ቆረጥኩ። ቀጭ ሲል ድምፁ ተሰማ፤ ብዙም አይደለም፣ ጸጉር ሲቆረጥ እንደሚሰማው። ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ገረመኝ፣ ጎመን ጎመን ይላል። ስቶክ የጎመን ዘመድ እንደሆነ አነብ ነበር እንጂ አሽትቼው አላውቅም። ከመጀመሪያው በኋላ እጄ ፈጠነ፣ ይኸም ትንሽ አስፈራኝ። በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳላመዛዝን እየቆረጥኩ ራሴን ያዝኩትና ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ።

ሰባት ጎድጓዳ ላይ ሁለቱም ገርጣ ሆኑብኝ። እዚያ ላይ መቀሱን አስቀመጥኩ። እርጥብ አፈር በሞሉ ባዶ የእርጎ ኩባያዎች ውስጥ በእርሳስ ቀዳዳ አበጅቼ፣ አንድ አንዱን በሻይ ማንኪያ ጀርባ ከነአፈሩ እያነሳሁ አዛወርኳቸው። ቅጠል ይያዛል እንጂ አገዳ አይያዝም፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ አገዳ ከተቀጠፈ አለቀ። ስድስቱ ቀጥ ብለዋል። ሰባተኛው አጋድሏል፣ በስንጥር ደግፌዋለሁ። ከኩባያው ሥር ቀዳዳ መብሳት ረስቼ እንደገና አንድ በአንድ በሚስማር መብሳት ነበረብኝ፣ እሱን እንለፈው።

ማታ እቴቴ ጻፈችልኝ።

«ቆረጥሽ?»

«ቆረጥኩ።»

«ስንት ቀረ?»

«31።»

«መትከያሽ ስንት ነው አሁን?»

«12።»

እስካሁን አልመለሰችልኝም። ኩባያዎቹን መስኮቱ ጥግ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ያጋደለው ወደ ግድግዳው እንዳይዞር ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ።