ለአንድ ሳምንት ስኪ፣ የሦስት ወር ጀርመንኛ

ታላቅ እህቴ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ነው የምትኖረው። «ጥምቀትን አክብርና ና፤ አንድ ሳምንት ስኪ እንማራለን» ካለችኝ ቀን ጀምሮ ጀርመንኛ ይዣለሁ። አሁን አሥራ አንደኛ ሳምንቴ ነው። እንደኔ ለመንገድ ያህል ብቻ ቋንቋ ለምትማሩ፣ የጠቀመኝንም ያደከመኝንም ላካፍላችሁ።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ እንግሊዝኛ ነው። ስኪን፣ በረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ሲወዳደር ጓደኞቼ «አይበርደውም?» ከማለት በቀር ያሉት ነገር አልነበረም። ከፍታው ግን አያስፈራኝም። ኢንስብሩክ ከተማዋ 574 ሜትር ላይ ናት፤ እኛ ፒያሳ ቡና የምንጠጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነን ነው።

የመጀመሪያው ወር ባከነ። ስልኬ ላይ የጫንኩት ማስተማሪያ «ሴትዮዋ ፖም ትበላለች» እያስባለኝ ከረመ። ቀጥዬ ስልሳ የሚሆኑ ጥያቄዎች በግዕዝ ፊደል ደብተር ላይ ጽፌ ሸመደድኩ። ደስም አለኝ። ፋሲል ግንብ በር ላይ አንድ ጀርመናዊ ባልና ሚስት አግኝቼ ልሞክራቸው ብዬ «ቮ ኢስት ዲ ጎንደል?» አልኳቸው። ጎንደል ማለት በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚያወጣው ሳጥን ነው። ሴትዮዋ ግንቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «ጎንደር? ሂር!» ብላ መሬቱን አሳየችኝ። ባልየው ሳቁን ሲጨርስ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀኝ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ «ያ፣ ያ» አልኩ፣ አዎ አዎ ማለት ነው። ለካ ሰውየው «ከዚህ ቀጥሎ ወዴት ብንሄድ ይሻላል?» ነው ያለኝ። ይህንን የነገረኝ አብሯቸው የነበረው አስጎብኚ ባልደረባዬ ነው፤ እስካሁን ሲያገኘኝ «ያ፣ ያ» ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ መላዬን ለወጥኩ። ጥያቄ መሸምደድ ቀላል ነው፤ የሚገድለው መልሱ ነው። ስልሳውን ወደ ሃያ አወረድኩ፤ ለእያንዳንዱም እህቴ ሊመጡ የሚችሉ ሦስት መልሶች በድምፅ ትልክልኛለች፣ በእነሱ ፍጥነት። ተራራው ላይ የሚያወጣው ሊፍት የት ነው ብዬ ስጠይቅ ግራ ነው «ሊንክስ»፣ ቀኝ ነው «ሬሽትስ»፣ ወይም ተዘግቷል «ገሽሎሰን» ሊሉኝ ይችላሉ። አረፍተ ነገሩ ውስጥ ያቺን አንዷን ቃል ከያዝኩ በቂዬ ነው። ስለ መንሸራተቻው መስመርም ሰማያዊ ማለትን፣ «ብላው»ን ብቻ ነው የያዝኩት። ሰማያዊ ቀላሉ ነው። ቀዩና ጥቁሩ ለሌላ ዘመን ይቆዩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ቁጥር ነው። ስኪ የሚያከራየው ሰው (እነሱ «ስኪ»ን «ሺ» ነው የሚሉት፤ እኔ ሁልጊዜ የምሰማው ሺህ ብር ነው) ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና የጫማ ቁጥር ይጠይቃል። ለወግ አይደለም። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ በዚያ መጠን ይስተካከላል፤ ስትወድቅ እንዲለቅህ። ክብደትህን አብዝተህ ከተናገርክ መቆለፊያው ይጠብቅና አልለቅ ይላል፤ ያኔ የሚጠመዘዘው ጉልበትህ ነው። ጀርመንኛ ደግሞ ከአሥሩ በፊት ነጠላውን ይጠራል። 68 «ስምንት እና ስልሳ» ነው፣ «አኽትኡንትዜሽትሲክ»። እኔ በአማርኛ አስቤ ስድስትን ካስቀደምኩ 86 ሆንኩ ማለት ነው። እህቴ መጀመሪያ ስትሰማኝ «ወንድምዓለም፣ ሥጋውን ማን ገዛልህ?» ነበር ያለችኝ።

ሰዓትም እንደዚሁ። «ሃልፕ ኖይን» ሲሉ ዘጠኝ ተኩል አይደለም፤ ወደ ዘጠኝ የሚሄደው ግማሽ፣ ስምንት ተኩል ነው። እሱን በኛ አቆጣጠር ሳዞረው ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ይሆናል። ሁለት ጊዜ መንገድ መቀየር ነው። በዚያ ላይ ዘጠኝ ሲሉ «ኖይን»፣ እምቢ ሲሉ ደግሞ «ናይን» ነው፤ እንግሊዝኛ የለመደ ምላስ ዘጠኝ ሊል ሲነሳ እምቢ ብሎ ያርፈዋል።

ድምፁን በተመለከተ ግን እኛ ጎንደሬዎች ተክሰናል። አያቴ «ኸዚያ» ሲሉ የሚያወጧት «ኸ» ጀርመንኛው «አኽት» ውስጥ አለች። እህቴ እንደምትለው ኢንስብሩክ ያለችበት የቲሮል ክፍለ ሀገር ሰዎች «ክ»ን ራሷን ከጉሮሮ ነው የሚያወጧት። ያልተገፋልኝ «ኢ»ን እያሰቡ በ«ኡ» አፍ መጥራት ነው፤ መስታወት ፊት ከንፈሬን ሳሾል ውዬ ገና ነኝ። ሰላምታቸውን ወደድኩት፤ «ግሩስ ጎት» ይላሉ፣ እግዚአብሔርን ጠርተው። የኛው «ጤና ይስጥልኝ» ዘመድ አይመስልም?

ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ጓንት ስገዛ ደግሞ ጀርመኖቹ ጓንትን «ሃንትሹ»፣ የእጅ ጫማ፣ እንደሚሉት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ሻጩ ዋጋው ያሳቀኝ መስሎት ቀነሰልኝ። ጀማሪ የሚቆምበት ዘዴም «ፕፍሉክ» ይባላል፣ ማረሻ። የሁለቱን ስኪ ጫፍ ከፊት አቀራርበህ ኋላውን ከፍተህ ፍጥነት ትቀንሳለህ። ማረሻ ይዞ ላደገ ሰው ግን ነገሩ ግራ ነው፤ እኛ ጋ ማረሻ እንዲሄድ እንጂ እንዲቆም አይደለም።

የአደጋ ጊዜ ቃላትን ጮክ ብዬ ነው የምለማመደው፤ በሹክሹክታ የተለማመዱት «እርዱኝ» ሲያስፈልግ አይወጣምና። «ሂልፈ! ኢሽ ካን ኒሽት ብሬምዘን!» እርዱኝ፣ ማቆም አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ ጓዳ ሆኜ ስጮህ እማዬ የቡናውን ጀበና ትታ ሮጣ መጣች። «ምን ነካህ አንተ ልጅ?» ስትለኝ ጉልበቴን ይዤ «ሚር ቱት ዳስ ክኒ ቬ» አልኩ፤ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ነው። እማዬ ጠበል ልውሰድህ ብላ ነበር። የኦስትሪያ የተራራ አደጋ ስልክ 140 መሆኑን ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ፤ ይቺን ቁጥር እንኳ በአማርኛም ቢሆን አልሳሳታትም።

ትላንት ማታ እህቴ ደውላ ፈተነችኝ። ትምህርቱ «ኡም ሃልፕ ትሴን» ይጀምራል አለችኝ፤ ትንሽ አሰብኩና «ሦስት ተኩል» አልኳት። ልክ ነው። ሊፍቱ ገሽሎሰን መሆኑንም ሰማሁ። ከዚያ እንደ አከራይ ድምፅዋን አጎርንና ክብደቴን ጠየቀችኝ።

ኮራ ብዬ መለስኩላት። 86 ኪሎ።